ሰው ሲገባ ዜሮ

በሦስተኛው ዙር፣ በሰዓት ሁለት መቶ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ስትበር፣ የመኪናዋ የኋላ ግራ ጎማ ከነተሸካሚው ተገንጥሎ ሸንኮራ አገዳው ውስጥ ገባ። የሥቃይ ሰሌዳዋ እስከ መጨረሻው ዜሮ ይል ነበር።

ሰው አልሞተም። መኪናዋ ሦስት ጊዜ ተሽከረከረች፤ አስፋልቱን በሆዷ እያረሰች ሄዳ የአሸዋ ቁልሉ ውስጥ ተሰነቀረችና ቆመች። መካኒኳ ምንትዋብ እሳት ማጥፊያውን አቅፋ ስትደርስ ነጂው ኦብሳ ቀበቶውን ፈትቶ፣ የራስ ቁሩን አውልቆ፣ በመስኮቱ እየወጣ ነበር።

«ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ።» ሳቀ። ከንፈሩ ግን አመድ መስሏል። «ጎማዬን አይተሻታል?»

አልሳቀችም። ክንዷ ላይ የታሰረውን የሥቃይ ሰሌዳ ተመለከተች። ግማሽ ጎኗ የተላጠ፣ አንድ እግሯ የሌለ መኪና አሁንም ዜሮ ትላለች። ከአደጋው ይልቅ ይህ ቁጥር አስፈራት። ብሎን ይላላል፣ ብየዳ ይለቃል፤ ይህን ፈልጎ ማግኘት ይቻላል። ጎማዋ ከተገነጠለ በኋላ ምንም አላመመኝም የምትል መኪና ግን አይታ አታውቅም።

መኪና ሲያመው መናገሩ ለማንም ብርቅ አይደለም። ምንትዋብ ስትወለድ አዳማ ውስጥ የሚሄዱት መኪኖች በሙሉ ከስሜተ-ብረት የተሠሩ ነበሩ፤ ከፀጉር የቀጠኑ ክሮች እንደ ነርቭ በውስጡ የተዘረጉበት፣ ሲታጠፍ፣ ሲሰነጠቅ፣ ሲዝግ የሚሰማው ብረት። የሚሰማውን ከዜሮ እስከ መቶ በቁጥር ይናገራል። አሥር ሲል ጋራዥ ትወስደዋለህ። አርባ ሲል ወርደህ በእግርህ ትሄዳለህ። ሰባን አይተው የተረፉ ሰዎች ጥቂት ናቸው፤ ኦብሳ አንዱ ነው።

ከስምንት ወር በፊት ነበር። የከተማ መኪና ራሱን ይነዳል፤ ሰው መሪ እንዲይዝ የሚፈቀድለት ከመተሐራ ወዲያ ባለው ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ብቻ ነው። ኦብሳ እዚያ መሪውን ተቀበለ፣ ግመል ገባበት፣ አራት ጊዜ ተገለበጠ። ሰው እስኪደርስለት ሁለት ሰዓት ሙሉ በቀበቶው ቁልቁል ተንጠልጥሎ ቆየ። በዘጠነኛው ቀን ከሆስፒታል በእግሩ ወጣ። የመኪናዋ ታርጋ ግን ተነቀለ። አንዴ የተገለበጠ መኪና የቱንም ያህል ቢጠገን መንገድ ላይ አይወጣም፤ ሕጉ የሚሰጠው ምርጫ ሁለት ነው፤ ወይ ማቅለጫ፣ ወይ የወንጂ ቀለበት።

ቀለበቱ አገዳው መካከል የተዘረጋ የእሽቅድምድም ጎዳና ነው። እዚያ የሚነዳው ሰው ብቻ ነው፤ አገሩ ሁሉ እሁድ እሁድ የሚጎርፈውም ለዚሁ ነው። የቀለበት መኪና ከአጥሩ ውጭ አንዲት ሜትር በራሷ አትሄድም፤ ተጭና ትመጣለች፣ ተጭና ትመለሳለች።

ኦብሳ ማቅለጫውን አልፈለገም። «ያተረፈችኝን ልጅ እሳት ውስጥ አልጨምርም» አለ። እናም ምንትዋብና የጋራዡ ሰዎች ሰባት ወር ሠሩባት። ምንጣፉን፣ ወንበሮቹን፣ የጎን መስታወቶቹን አወጡ። የአየር ከረጢቶቹን፣ ፈንጂ ስላላቸው፣ አንድ በአንድ ትንፋሻቸውን ይዘው ፈቱ። ባዶ ቆርቆሮ እስክትሆን ገፈፏት። ባቲላሜራው፣ ማለትም የተጨማደደ አካል እየቀጠቀጠ የሚያቃናው ሰው፣ ጋሽ ሞላልኝ ናቸው፤ ጣሪያዋን በመዶሻ ብቻ ወደ ቦታው መለሱት። ከዚያ በወፍራም ቧንቧ ውስጧን የሚሸከም የብረት ጎጆ ሠሩላት፤ ብትገለበጥ ጣሪያው ነጂው ላይ እንዳይወርድ። ስድስት ቦታ የሚታሰር ቀበቶ። ኃይሉን በአንድ ምት የሚቆርጥ ማጥፊያ። በመጨረሻም ሕጉ የሚጠይቀው ፈተና፤ ጋራዥ ውስጥ ቆማ፣ እየተጫነችና እየተጠመዘዘች፣ መቶ ሰዓት ያለማቋረጥ ከአምስት በታች። መቶውንም ሰዓት ዜሮ ሆና ጨረሰች።

ምንትዋብ ለቀለበቱ ብቁ ናት ብላ ፈረመች። 

ጎማዋ የተገነጠለው ሐሙስ፣ ልምምድ ላይ ነው። ውድድሩ ለእሁድ ነበር።

*

ዓርብ ጠዋት ነፋሱ የጋራዡን ቆርቆሮ ያንቀጫቅጨዋል። መኪናዋ ክሪክ ላይ ተሰቅላለች። ጋሽ ሞላልኝ የተገነጠለውን ቦታ በባትሪ ዙሪያውን አዩት።

«እኔ የበየድኩት አይደለም የተነቀለው።»

«አልወቀስኩዎትም ጋሼ።»

«ፊትሽ ወቅሶኛል።» ባትሪውን አጠፉ። «ዋናው ብረቱ ነው ከውስጥ የተሰነጠቀው። ያኔ ስትገለበጥ። ታዲያ ስምንት ወር ሙሉ ለምን አልተናገረችም? ክሩ ሞቷል። የሞተ ክር ምን ይናገራል?»

«አልሞተም። ሌሊቱን ሁሉንም ለክቻቸዋለሁ፤ ሁሉም ደህና ነው።»

መዶሻ አነሳች። ደህነኛውን የቀኝ በር መታችው። ዜሮ። ጠንከር አድርጋ መታች፤ በሩ ጎደጎደ። ዜሮ።

«ኧረ አንቺ ልጅ! ምን አደረገችሽ?»

ምንትዋብ ቀለም ማድረቂያውን አምጥታ ጣሪያው ላይ አንድ ቦታ ላይ ያዘችው፤ ቀለሙ አረፋ አወጣ፣ ጠቆረ፣ ሸተተ። ጤነኛ ስሜተ-ብረት በዚህ ሙቀት ሠላሳ ይላል። ዜሮ። ማድረቂያውን አወረደች። በልጅነቷ ሐኪም ቤት ውስጥ ያየችው አንድ ሰው ትዝ አላት፤ ቁስሉ እየተሰፋ ጣሪያውን እያየ ፈገግ የሚል። ያኔም እንዲሁ ፈርታ ነበር።

ጋሽ ሞላልኝ ቀረብ ብለው የጎደጎደውን በር በመዳፋቸው ዳሰሱት። «አይዞሽ» አሉ ለመኪናዋ። «አይዞሽ እመቤቴ። ምንም አልሆንሽም።»

በሥቃይ ሰሌዳው ጥግ ላይ ትንሽ አረንጓዴ ነጥብ በርታ ጠፋች።

ምንትዋብ ነጥቧን ሺህ ጊዜ አይታታለች። ሥራዋን እየሠራች፣ ምሳዋን እየበላች አይታታለች። ዛሬ ግን መቼ እንደበራች ልብ አለች።

«ጋሼ። እስኪ ይድገሙት።»

«ምኑን?»

«አሁን ያሏትን።»

«አይዞሽ ነዋ ያልኳት። ምነው፣ ሕግ ጣስኩ?»

ነጥቧ እንደገና በራች።

ስሜተ-ብረትን የሠሩት ሰዎች ሲጀምሩ አንድ ችግር ገጥሟቸው ነበር፤ ብረቱ ሁሉ ነገር ያመዋል። ጠጠር ቢመታው ይጮኻል፣ ሕፃን በኳስ ቢመታው ይጮኻል። ስለዚህ ከሰው እንዲማር አደረጉት። ብረቱ ሲጮኽ ባለቤቱ ወርዶ ያያል፤ ምንም ካላገኘ «ምንም የለም» ይለዋል፤ ብረቱም በዚያ ቦታ ላይ ድምፁን ይቀንሳል። ይህን ትምህርት ተቀበልኩ ሲል ነው አረንጓዴዋ ነጥብ የምትበራው። መመሪያው ላይ እንደተጻፈው፣ አንድ መኪና በዕድሜ ዘመኗ አርባ ያህል ትምህርት ትቀበላለች።

ምንትዋብ የትምህርቱን መዝገብ ከፈተች። በስምንት ወር ውስጥ፣ አሥራ አንድ ሺህ አራት መቶ ስልሳ ሁለት።

እያንዳንዱ ከነድምፁ ተቀምጧል። ዝም ብላ እየነካካች አሰማቻቸው። ጋሽ ሞላልኝ ጣሪያውን እየቀጠቀጡ፦ አይዞሽ፣ አንዴ ብቻ፣ አለቀ። በያጁ፦ ምንም አልሆንሽም የኔ ቆንጆ። ዘበኛው፣ ማታ ማታ አጠገቧ ፍራሹን አንጥፎ ሲተኛ፦ ደህና ነሽ፣ ደህና ነሽ። ኦብሳ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ኮፈኗን ቸብ ቸብ እያደረገ፦ እኛ ምን ሆነናል? ምንም!

ከዚያ የአንዲት ሴት ድምፅ መጣ፤ የቸኮለ፣ የተሰላቸ። «እሺ፣ እሺ፣ ምንም አልሆንሽም፣ ዝም በይ።»

ማን እንደሆነች ለማወቅ ጊዜ ወሰደባት። የራሷ ድምፅ ነበር። ሦስት መቶ አሥራ ስምንት ጊዜ።

ጋሽ ሞላልኝ ጎማ ላይ ቁጭ አሉ። «ታዲያ ምን እንበላት?» አሉ። «የተሰበረን ሰው ተሰብረሃል ይባላል?»

«ከተሰበረ ተሰብረሃል ይባላል እንጂ!»

«አንቺ ልጅ፣ የታመመ ሰው ጠይቀሽ ታውቂያለሽ? በሩ ላይ ቆመሽ ‹መልክህ ጠፍቷል፣ ትሞታለህ› ትያለሽ?»

«ጋሼ፣ እሷ ሰው አይደለችም።»

«እሱን ለሠሯት ንገሪያቸው፤ ከሰው ተማሪ ያሏት እነሱ ናቸው።»

ምንትዋብ በቀጥታ ወደ ቁጥሩ ሄደች። ሰሌዳው የሚያሳየው የአሁኑን ቁጥር ብቻ ነው፤ ብረቱ ግን የእያንዳንዷን ደቂቃ ቁጥር ያስቀምጣል፤ ማንም አያየውም እንጂ። የስምንቱን ወር ቁጥር በአንድ ሥዕል ዘረጋችው። ጠፍጣፋ መስመር ነበር፤ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ። እዚህም እዚያም ግን ኮረብታዎች ነበሩበት። አርባ። ሃምሳ ስድስት። ሰባ አንድ።

ቀኖቹን አየች። እሁድ። እሁድ። ገና። እሁድ። ጥምቀት። ትልቁ ኮረብታ ሦስት ቀን የፈጀ ነበር፤ የፋሲካ ሰሞን፣ ዘበኛው አገሩ ሄዶ፣ ጋራዡ ተቆልፎ የሰነበተበት። ቁጥሩ ሰባ ስምንት ደርሶ ሳይወርድ ቆይቷል። ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከአሥር ላይ፣ ከቁጥሩ ጋር በተቀዳው ድምፅ፣ የበሩ ቁልፍ ሲንኳኳ ይሰማል፤ የጋሽ ሞላልኝ ሳል ይሰማል። በአራት ሴኮንድ ውስጥ ቁጥሩ ዜሮ ገባ።

ሦስት ቀን ሙሉ ጨለማ ውስጥ ብቻዋን ስትሠቃይ ቆይታ፣ ሰው ሲመጣ ራሷን ሰብስባ ጠበቀቻቸው።

«ጋሼ» አለች ምንትዋብ። መዝገቡን ዘጋችው። «ጋሼ፣ ሁሉም ሰው ይውጣ።»

*

በያጁን፣ ዘበኛውን፣ ቀለም ቀቢውን አስወጣች። በሩን ቆለፉት። ምንትዋብና ጋሽ ሞላልኝ ከመንገዱ ማዶ፣ የጎማ ሱቅ ደጃፍ ላይ ተቀመጡ፤ የእግራቸው ኮቴ እንዳይሰማ። ፀሐይዋ አናት ላይ ናት። ክንዷ ላይ ያለው ሰሌዳ መሐል የመኪናዋ አካል በቀጭን መስመር ተስሏል፤ የታመመው ቦታ ቀይ ይሆናል። አሁን ነጭ ነው።

አምስት ደቂቃ ዜሮ። ጋሽ ሞላልኝ ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ በእጇ ዝም ይበሉ አለቻቸው፤ ከመንገዱ ማዶ እንደማትሰማ እያወቀች።

ስድስተኛው ደቂቃ ላይ ሦስት አለ። ከዚያ አሥራ ሰባት። ቁጥሩ ቀስ እያለ ይወጣል፤ አንድ ሰው በጓዳ ተደብቆ፣ መጀመሪያ እያዳመጠ፣ ማንም እንደሌለ ሲያረጋግጥ ድምፁን እንደሚለቅ። ሠላሳ አምስት። የኋላው ግራ በኩል ቀላ። እሱን ያውቁታል፤ ጎማው የተገነጠለበት ነው። የመታችው በር ቀላ። ያቃጠለችው ጣሪያ ቀላ፤ ምንትዋብ ከንፈሯን ነከሰች።

ሃምሳ። ስልሳ አራት።

ከዚያ ያላሰበችው ቦታ መቅላት ጀመረ፤ ከነጂው አናት በላይ፣ የብረት ጎጆው ከመኪናዋ ምሰሶ ጋር የተበየደበት። ቀዩ መስመር ከላይ ወደ ታች ወረደ፤ እንደ ቁስል ተከፈተ። ብየዳው ደህና ነው። የተበየደበት ምሰሶ ግን ከውስጥ ተሰንጥቋል።

ሰማንያ አንድ።

ጋሽ ሞላልኝ መነጽራቸውን አውጥተው ሰሌዳውን ቀርበው አዩት። «ይሄ ምንድን ነው?»

«ጎጆው የቆመበት ነው። ሐሙስ ዕለት ኦብሳ የተረፈው ተሽከርክራ ስለቆመች ብቻ ነው። ብትገለበጥ ኖሮ፣ ሠርተን ያስገባነው ቧንቧ ራሱ ነበር አንገቱ ላይ የሚወርደው።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። «እኛ እኮ እንድትጸና ብለን ነው» አሉ። «ከእኛ የተማረችው ይሄን ነው?»

ምንትዋብ ተነሳች። ማረጋገጥ ነበረባት፤ አንድ ጊዜ ብቻ። መንገዱን ተሻገረች። ሰማንያ አንድ። በሩ ጋ ደረሰች። ሰማንያ። ቁልፉን ከኪሷ ስታወጣ ብረት ከብረት ተጋጭቶ ቅጭል አለ።

አራት። ሦስት። ሁለት። አንድ። ዜሮ።

እጇን መቆለፊያው ላይ እንዳደረገች ቀረች። ከበሩ ጀርባ ድምፅ የለም። እዚያ ውስጥ የሆነ ነገር ፊቱን አስተካክሎ እየጠበቃት እንደሆነ እያወቀች መግባት አቃታት። ነፋሱ ቆርቆሮውን ሲያነሳው እንደ ሕፃን ደነገጠች፤ በራሷም ተናደደች። ከዚያ በሩን ከፍታ ገባች፣ የመዘጋት ወረቀቱን አውጥታ ፈረመችና ኮፈኑ ላይ ለጠፈችው። ይህች መኪና ከዚህ በኋላ ወደ ቀለበቱ አትገባም።

*

ኦብሳ ስምንት ሰዓት ላይ መጣ። ቀጭን ሸራ ጫማ አድርጓል። ቀጥ ብሎ፣ ደረቱን ነፍቶ ነው የሚሄደው፤ ከሆስፒታል ከወጣ ጀምሮ እንዲህ ነው የሚሄደው። ምንትዋብ ሁሉንም ነገረችው፤ መዝገቡን፣ ኮረብታዎቹን፣ ምሰሶውን። ይቆጣል ብላ ነበር።

«በቃ ትቅለጣ» አለ።

«ይኸው ነው?»

«ምን ላድርግ፣ ላልቅስ? መኪና ሞልቷል። የዘሪሁን መኪና ነጂ ታሟል፤ ዘሪሁን ራሱ ጠዋት ደውሎልኛል። እሁድ የሱን ይዤ እገባለሁ።»

ምንትዋብ መፍቻውን አስቀመጠች። ከጠዋት ጀምሮ ሲከነክናት የነበረ ነገር አሁን መልክ ያዘላት። ሊገነጠል የደረሰ ጎማ ዝም ብሎ አይሄድም፤ ቢያንስ አንድ ሙሉ ዙር ይንቀጠቀጣል። መኪናዋ ባትናገር እንኳ ወንበሩ ይናገራል። የትኛውም ነጂ በዳሌው፣ በእግሩ ይሰማዋል።

«ሁለተኛው ዙር ላይ ምን ተሰማህ?»

«ምንም።»

«መንቀጥቀጥ? በግራ በኩል?»

«ምንም አልኩሽ እኮ! አቦ፣ አሁን ደግሞ እኔን መመርመር ጀመርሽ?»

ጋሽ ሞላልኝ ሳቁና ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረጉት። «ተዋት፣ ደንግጣ ነው። አንተ ምን ሆነህ! ከዚያ አደጋ የወጣ ሰው። ተመስገን ነው።»

«ተመስገን» አለ ኦብሳ፤ ጀርባውንም ቀጥ አደረገ።

ምንትዋብ አየችው። መዳፉ ከነካው ጀምሮ ቀጥ እስኪል ድረስ ሴኮንዱን ቆጠረች፤ ሳታስበው፤ መኪናዋን እንደቆጠረችው። 

«ጋሼ፣ እባክዎ ውኃ ይግዙልን» አለች። «ቀዝቃዛ።»

«ጆግ ሙሉ ውኃ አለ እኮ።»

«ቀዝቃዛ አይደለም።»

አዩዋት፤ ከዚያ እያጉረመረሙ ወጡ።

ምንትዋብ ሰሌዳውን ከክንዷ ፈትታ፣ በሩ ተቆልፎ ሳለ የቀላውን ሥዕል መልሳ አውጥታ፣ ልታሳየው ኦብሳ አጠገብ ቆመች። ጫማዋ አፉ ብረት የሆነ የሥራ ጫማ ነው። ቀኝ እግሯን አንስታ በሱ ግራ እግር ጣቶች ላይ አኖረች። ከዚያ ክብደቷን ሁሉ ጫነችበት።

«ይኸውልህ» አለች። «ቀዩ መስመር።»

ኦብሳ አጎንብሶ ተመለከተ። «ይሄ ነው?» አለ። «ቀጭን ነው እኮ። እኔ ትልቅ ነገር መስሎኝ። እና ከላይ ነው የጀመረው ከታች?»

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለች በልቧ ቆጠረች። አሥር ስትደርስ፣ የሸራ ጫማው ከሥሯ ሲጨፈለቅ እየተሰማት፣ «ኦብሳ» አለችው። «ወደ ታች እይ።»

አየ።  እግሯን አነሳች።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«እየተመለሰ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያልኩህ።»

«ከዚያ ቀን።» ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ከጉልበት በታች ብቻ ነው። መሄድ አላቃተኝም፤ ታያለሽ፣ እሄዳለሁ።»

«ለሐኪሙ አልነገርከውም?»

«እንዴት አድርጌ?» ድምፁ ድንገት ቀጠነ። «አልጋዬን እናቴ ይዛዋለች። አጎቴ አለ። ከፈንታሌ ድረስ የመጡ ሽማግሌዎች አሉ። በሩ ላይ ሰፈሩ በሙሉ ቆሟል። ሐኪሙ ‹የሚሰማህ ነገር አለ?› ሲለኝ ሁሉም በአንድ ጊዜ ዞረው አዩኝ። ተንበርክከው ሲለምኑልኝ የከረሙ ሰዎች ናቸው። ሦስት በግ የታረደልኝ ሰው እግሬ ጠፋኝ ልበል? ደህና ነኝ አልኩ። ሁሉም እልል አለ። ከዚያ በኋላ እንዴት ይመለሳል?»

«ሦስት ጊዜ ነው የተመረመርከው።»

«ሦስቱንም ጊዜ አብረውኝ መጥተዋል።»

ምንትዋብ መጠየቅ የማትፈልገው ጥያቄ ነበር፤ ጠየቀችው። «ፍሬን በየትኛው እግር ነው የምትይዘው?»

«በግራ።»

«መርገጥህን በምን ታውቃለህ?»

ኦብሳ ወለሉን አየ። «ጎንበስ ብዬ አየዋለሁ» አለ።

በሁለት መቶ ሠላሳ። ከአሥራ አንድ መኪኖች መካከል። ምንትዋብ ሐሙስ ዕለት አጥሩን ተደግፋ ቆማ፣ ጎበዝ ነው፣ ኩርባው ላይ እንዴት አንገቱን ሰበር ያደርጋል እያለች አድንቃው ነበር።

«እሁድ አትነዳም» አለች።

«አትናገሪብኝ ምንቴ። ደህና ነኝ እኮ። ለምጄዋለሁ።»

«ብናገርስ ማን ያምነኛል? ሦስት ሐኪሞች ጤነኛ ነው ብለው ፈርመውልሃል፤ የኔ ጫማ ማስረጃ አይሆንም። መኪናዋን መዝጋት እችላለሁ፣ ዘግቻታለሁ። አንተን ግን መዝጋት አልችልም። አንተን የሚዘጋህ ይሄ ብቻ ነው።»

ከመሳቢያዋ አንድ ወረቀት አወጣች። የአካል ቃል ይባላል፤ እያንዳንዱ ነጂ ከውድድሩ በፊት በራሱ እጅ ጽፎ የሚያስገባው፣ ቀለበቱ ከየትኛውም ሐኪም በላይ የሚቀበለው ወረቀት ነው። ነጂው ራሱ አልችልም ካለ ማንም አያስገባውም። እስክሪብቶ ሰጠችው።

ኦብሳ ኮፈኑ ላይ ተደግፎ ጻፈ። እጁ ፈጽሞ አላመነታም። መልሶ ሰጣት።

«የሚሰማኝ ችግር፦ የለም።»

እግሩን እስኪጨፈለቅ የረገጠችው ሴት ፊቱ ቆማለች፤ እሱ ግን ችግር የለም ብሎ ጻፈ። አይዋሽም፤ ፊቱ ላይ ተንኮል የለም። ሰው ፊቱ ስለቆመ ብቻ ነው። ምንትዋብ ልትጮኽበት አሰበች። ልትለምነው አሰበች፤ ስለ እናቱ፣ ስለሌሎቹ ነጂዎች። ሁሉም ያው እንደሆነ ገባት። ብትቆጣውም ብታባብለውም እሷ እዚህ እስካለች ድረስ መልሱ ያው ነው።

ወረቀቱን ቀደደችው። አዲስ አወጣች፤ ኮፈኑ ላይ አስቀመጠችና እስክሪብቶውን ከላዩ ላይ ጫነችበት።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አለ ኦብሳ።

«ልወጣ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ምንም። አልመለስም። ስትጨርስ ለራሳቸው ለቀለበቱ ሰዎች ትሰጣለህ። እኔ አላየውም፤ ጋሼም አያዩትም፤ እናትህም።»

«ቆይ እንጂ። ብቻዬን?»

ድምፁ ውስጥ የነበረው ነገር አስቆማት። ሐሙስ ዕለት እንኳ፣ ከተገነጠለችው መኪና ሲወጣ፣ እንዲህ አልፈራም ነበር። አሁን ፊቱ ነጭ ሆኗል፤ ዓይኖቹ እሷን ይዘዋታል፤ አንድ ቃል ብትጥልለት እንደሚጸና እሷም እሱም ያውቃሉ። አይዞህ የሚለው ቃል አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችው።

ጋሽ ሞላልኝ ሁለት ጠርሙስ ውኃ ይዘው በሩ ላይ ደረሱ። «ምን ሆነ?» አሉ፤ አንገታቸውን እያሰገጉ። «ምነው ፊቱ? አንተ ልጅ፣ ምን አለችህ? አይዞ...»

ምንትዋብ ክንዳቸውን ያዘች፤ ሳትጨክን ግን ሳትለቅ ወደ ኋላ አስመለሰቻቸው። በግራ እጇ የብረቱን በር ስባ፣ ከኋላዋ ዘጋችው።